ሞተር በወሬ አይጠገንም

በሬዲዮ ካቀረብናቸው ንግግሮች አንዱን፣ ስለ ሥራ ጀልባ ሞተር አያያዝ የተነጋገርንበትን፣ ያልሰማ እንዲያነበው፣ የሰማም እንዲያስታውሰው በዚህ ገጽ አትመነዋል።

«እኛንና የጀልባ ሞተርን ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከጎንደር አካባቢ የመጣን ሰዎች በውሃ ላይ ሲሄድ የምናውቀው በጣና የሚንሳፈፈውን የደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ ናፍጣ አይጠይቅም፣ ዘይት አይቀየርለትም፤ የቀዛፊው ክንድ ይበቃዋል። እዚህ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐይፋና በአሽዶድ ወደቦች መርከብ የሚስቡ፣ ሠራተኛና ዕቃ የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሉ። በያፎና በአኮ ዓሣ አጥማጆች ከነመረባቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በጥብርያ ዳርቻ፣ በኪኔሬት ሐይቅ ላይም ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ልጃችን ወይም ወንድማችን ከነዚህ ቦታዎች በአንዱ ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ሥራውን ሲጀምር ደግሞ ከሞተሩ ጋር መተዋወቁ፣ ስለ ሞተሩም ብዙ ምክር መስማቱ አይቀርም።

ምክሩ ከየት ይመጣል?

አዲስ ሠራተኛ ሥራውን የሚማረው በአብዛኛው ከቀደሙት ሠራተኞች አፍ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ዕብራይስጡ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ስለዚህ «እንዲህ አድርግ፣ ያን አታድርግ» የሚባለውን ሰምቶ ይይዛል። ከሚሰማው ብዙው ጥሩ ነው። ሃያ ዓመት ባሕር ላይ የሠራ ሰው ከመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ያውቃል። ነገር ግን ከጥሩው ጋር ተቀላቅሎ መጥፎውም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

መጥፎ ምክር ለምን አይጠፋም? ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ሞተር የሚጎዳው በዝግታ ነው። ዛሬ ብንበድለው ዛሬውኑ አይቆምም። ከወራት በኋላ ሲቆም ጥፋቱን ከዚያ ቀን ምክር ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። መካሪውም መሳሳቱን ሳያውቅ ለሌላው ይመክራል። ሁለተኛ፣ አንድ ምክር ለአንድ ዓይነት ሞተር ልክ ሆኖ ለሌላው ስሕተት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከምክሩ ግማሹ ብቻ ይተላለፋል፤ «ለምን?» የሚለው በመንገድ ላይ ይቀራል።

በመኪና ቢሆን መንገድ ዳር አቁሞ ጎታች መጥራት ይቻላል። ባሕር ላይ መንገድ ዳር የለም። ሞተሩ የቆመበትን ጀልባ ነፋስና ማዕበል ወደፈለጉበት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ድንጋዩ ይወስዱታል። በውስጡ ያሉት ሰዎች የእኛው ልጆች ናቸውና ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።

ሞተሩ ምን ይፈልጋል?

የሥራ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በናፍጣ ሞተር ነው። ናፍጣ በዕብራይስጥ ሶላር ይባላል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሚሠራ ሞተር ለማሳየት በቃ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይጫርለትም። ፒስቶኑ አየሩን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ እጥፍ ያህል ጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል። በዚያ የጋለ አየር ውስጥ ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል።

ለዚህ ሥራ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣ፣ በልኩ የሆነ ዘይትና በልኩ የሆነ ሙቀት። አሁን በጀልባ ሠራተኞች መካከል የሚዘዋወሩትን አንዳንድ ምክሮች እያነሣን በነዚህ በአራቱ እንመዝናቸው።

«ሞተሩን አታጥፋው፣ በቀስታ ይዙር፤ ምንም አይጎዳው»

ይህ ምክር ግማሽ እውነት አለበት። ጠዋት የተነሣ ሞተር ከባድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ መሟሟቅ አለበት። ቱርቦ ያለው ሞተርም ብዙ ከሠራ በኋላ፣ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ቢዞር ለቱርቦው ይበጀዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ደቂቃው ሰዓት ሲሆን ነው። ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት የሚዞር የናፍጣ ሞተር የሚበቃውን ሙቀት አያገኝም። ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም፤ ጥላሸቱ በቫልቮቹና በጢስ መውጫው ላይ ይጋገራል። ያልተቃጠለው ናፍጣም ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ስለሚለሰልስ ፋሻዎቹ ዘይቱን መጥረግ ያቅታቸዋል። እንግዲህ ሥራ ከሌለ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሲሠራም በመጠኑ ጭነት ይሥራ።

«አገሩ ሞቃት ነው፤ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው»

ቴርሞስታት የማቀዝቀዣውን ውሃ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። «ሙቀት ስላለ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን» ማለት ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ከተወሰነለት ሙቀት በታች ሲሠራ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት አይተንም። ከቃጠሎው ከሚመጣው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆንና ብረቱን ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮችም ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው በአቋራጭ ስለሚዞር ሞተሩ ጭራሽ ይግላል።

ታዲያ ይህን የሚመክሩት ሰዎች ውሸታሞች ናቸው? አይደሉም። አንዳንድ የጀልባ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በቀጥታ በባሕር ውሃ ነው። የባሕር ውሃ በብዙ ሲሞቅ ጨውና እንደ ኖራ ያለ ነገር በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ስለሚጋግር፣ እነዚህ ሞተሮች ከሌሎቹ ቀዝቀዝ ብለው እንዲሠሩ ተደርገዋል። «ሞተር ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል» የሚለው አባባል ለነርሱ ልክ ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ግን በውስጣቸው የሚዞር የራሳቸው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አላቸው፤ በዕብራይስጥ ኖዜል ኪሩር ይባላል። የባሕሩ ውሃ ያንን ፈሳሽ በውጭ በኩል ብቻ ያቀዘቅዘዋል። ምክሩ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ሲዛወር መድኃኒቱ መርዝ ሆነ ማለት ነው።

ሞተር ሲግል ደግሞ «ቀዝቃዛ ውሃ ድፋበት» ወይም «ክዳኑን ክፈት» የሚሉ አሉ። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ክዳኑን የከፈተ ሰው ደግሞ በሚፈነዳው የፈላ ውሃ ፊቱን ያቃጥላል። ትክክለኛው መንገድ ጭነቱን መቀነስና ከጢስ መውጫው ጋር የባሕር ውሃ እየወጣ መሆኑን ማየት ነው። ውሃው ካልወጣ ሞተሩን ማጥፋት ነው። መግቢያውን የፕላስቲክ ከረጢት ደፍኖት፣ ወይም ውሃውን የሚስበው የጎማ መዘውር ተቆራርጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ጎማ የሚለሰልሰው በራሱ በውሃው ስለሆነ ያለ ውሃ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

«አልነሣ ካለ ቁልፉን ደጋግመህ ጠምዝዝ»

በመኪና ይህ ምክር የሚጎዳው ባትሪውንና ሞተሪኖውን ነው። በጀልባ ግን ሞተሩን ራሱን ሊገድለው ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው። በብዙ ጀልባዎች የባሕሩ ውሃ ሞተሩን ካቀዘቀዘ በኋላ ከጢሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ሞተሩ ሲሠራ ጢሱ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሞተሩ ሳይነሣ በሞተሪኖ ብቻ ሲዞር ግን ፓምፑ ውሃ ይስባል፣ የሚገፋው ጢስ የለም። ውሃው በጢስ ማፈኛው ውስጥ ይጠራቀምና ሞልቶ ወደኋላ፣ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አየር ሲጨመቅ ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስቶኑ ውሃውን ሲመታ የሚይዘው ክንድ፣ ቢየላው፣ ይጎብጣል።

ስለዚህ ሞተሩ በሁለት ሦስት ሙከራ ካልተነሣ ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። መሞከር ግድ ከሆነ የባሕር ውሃ መግቢያው ይዘጋ፤ ሞተሩ እንደተነሣ ደግሞ ወዲያውኑ ይከፈት። ኤተር የሚባለውን ማስነሻ የሚነፉም አሉ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ ኤተር ያለ ጊዜው ሊፈነዳ ስለሚችል፣ የሞተሩ መጽሐፍ ካልፈቀደ መንፋት አይገባም።

«ፊልትሮው ከተዘጋ አውጣውና ሥራህን ቀጥል»

በናፍጣ መያዣው ባዶ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር ዝቃጭም ይፈጠራል። ባሕሩ ጸጥ ሲል ዝቃጩ ከሥር ተኝቶ ማንንም አያስቸግርም። ማዕበል ሲነሣ ግን መያዣው ይናወጣል፣ ዝቃጩ ተበጥብጦ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። የጀልባ ሞተር ብዙ ጊዜ በጣም በምንፈልገው ሰዓት፣ በክፉ ባሕርና በወደብ መግቢያ ላይ የሚቆመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፊልትሮው ሲዘጋ ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ያወጣው ሰው ያን ሁሉ ቆሻሻ ወደ ፖምፓውና ወደ ናፍጣ መርጫዎቹ ይሰደዋል። የነርሱ ዋጋ ከስንት ፊልትሮ ዋጋ ይበልጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ መያዣውን ሞልቶ ማሳደር፣ ከውሃ መለያው ሥር ያለውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን በጊዜው መቀየርና ሁልጊዜ መለዋወጫ ይዞ መውጣት ነው። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ በመስመሩ የቀረውን አየር ማስወጣትም መማር ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ባሕር ላይ ሳይሆን ወደብ ላይ፣ በጸጥታ ሰዓት ይለማመዱታል።

«ናፍጣው ላይ ትንሽ ቤንዚን ጨምርበት፣ ያጸዳዋል»

የዚህ ምክር ጉዳት ከሁሉም የከፋ ነው። ናፍጣ በቀላሉ የሚነድ ተን አይሰጥም። ዓለም አቀፉ የባሕር ደህንነት ስምምነት ለትላልቅ መርከቦች፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ነዳጁ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀጣጠል ተን እንዳይሰጥ ያዛል። ቤንዚን ግን በብርድም ቢሆን የሚነድ ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። በዚያ ላይ ናፍጣ ለፖምፓው እንደ ዘይት ያገለግላል፤ ቤንዚን ይህን ልስላሴ ያጠፋል። ስለዚህ ጥቂትም ቢሆን አይጨመርም።

«ዘይት ቢበዛ አይጎዳም»

ይጎዳል። ከላይኛው ምልክት በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከረው ብረት ይመታና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ መጽሐፉ በሚለው መንገድ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው።

ስለ ቀለሙም ብዙ ይወራል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊጠቁር ይችላል፤ ጥላሸቱን ይዞ ማቆየት ሥራው ነውና። ስለዚህ ጥቁር ዘይት አያስደንግጠን፤ ወተት የመሰለ ዘይት ያስደንግጠን፤ ውሃ ገብቶበታልና። ሳንጨምርበት መጠኑ ከፍ ያለ ዘይትም እንደዚሁ ነው፤ ውሃ ወይም ናፍጣ ከአንድ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። «ጀልባው ብዙ አልሠራምና ዘይቱ አይቀየር» የሚሉም ይሳሳታሉ። ቆሞ የከረመ ዘይትም እርጥበትና አሲድ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ የሞተር መጻሕፍት ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ወራቱንም ይወስናሉ።

«የሚያፈስበትን ቦታ በእጅህ ዳስሰህ ፈልገው»

እባካችሁ፣ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። የመኪና ጎማ የሚይዘው አየር ከሁለት እስከ ሦስት ባር ያህል ነው። በአዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ወደ መርጫው የሚሄደው የናፍጣ ግፊት እስከ 2000 ባር ሊደርስ ይችላል። ከጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ እንዲህ ያለ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ትንሽ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጡ ግን ይመረዛል፤ ጣትን ወይም እጅን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ይህ የደረሰበት ሰው «ነገ ይሻለኛል» ሳይል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ለሐኪሙም «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ ይናገር። የሚያፈስበት ቦታ የሚፈለገው ሞተሩን አጥፍቶ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ መፈለግ ግድ ከሆነም ራቅ ብሎ፣ መነጽር አድርጎ፣ በካርቶን ቁራጭ ነው እንጂ በእጅ አይደለም።

«ዚንኩንም አብረህ ቀባው»፣ «ሳሙና ጨምርበት»

ከጀልባው ሥር የተለጠፉት የዚንክ ቁርጥራጮች የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም። በጨው ውሃ ውስጥ የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያስበላል። ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ፕሮፔለሩንና ዘንጉን ያድናቸዋል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ ይህን ዘዴ ለመርከብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1824 ነበር። ቀለም የተቀባ ዚንክ ውሃውን ስለማይነካ አይበላም፤ እርሱ ካልተበላ ደግሞ የሚበላው ፕሮፔለሩ ነው። «አዲስ ይምሰል» ብሎ መቀባት ጠባቂውን እንደማሰር ነው።

በጀልባው ሆድ የተጠራቀመውን ዘይት ያለበት ውሃ «ሳሙና ጨምረህ ወደ ባሕር ልቀቀው፣ አይታይም» የሚሉም አሉ። ሳሙና ዘይቱን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. የ1980ው የባሕር ውሃን በዘይት ከመበከል የሚከላከለው ሕግ ይህን ይከለክላል። ቅጣቱ ሲመጣ መካሪው አብሮ አይቆምም።

ታዲያ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት እንለይ?

ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው «ለምን?» ነው። ጥሩ ምክር ምክንያት አለው፤ የሚያውቅ ሰውም ምክንያቱን መናገር አይከብደውም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚለው መልስ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው «ለየትኛው ሞተር?» ነው። ሦስተኛው «የት ተጽፏል?» ነው። በዕብራይስጥ «ኤይፎ ዜ ካቱቭ?» ይባላል። የፋብሪካው መመሪያ «ሆራኦት ሀያጽራን» ነው። ከርሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ሞተር ማኖዓ፣ ዘይት ሼመን፣ ፊልትሮ ማስኔን፣ ፓምፕ ማሽኤቫ ይባላል። ኡልፓን የሚማር ወንድም ወይም እኅት በቤት ካለ አንድ ማታ አብሮ ቁጭ ብሎ የዘይቱንና የፊልትሮውን ገጽ ማንበብ ይቻላል። አባት ያላነበበውን ልጅ ቢያነብለት ነውር የለውም።

አንዳንዱ ሰው «አዲስ ስለሆንኩ ብጠይቅ አላዋቂ ይሉኛል፣ ታላቄንም የተቃወምኩ ይመስላል» ብሎ ዝም ይላል። አክብሮት መልካም ባሕላችን ነው። ግን ታላቅን አክብሮም መጠየቅ ይቻላል፤ «እስቲ አሳየኝ፣ መጽሐፉ ላይ አብረን እንየው» ማለት ስድብ አይደለም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ባሕር ላይ ደግሞ ካለመጠየቅ ሞተርም ሕይወትም ይቀራል።

ሌላው ጥሩ ልማድ ትንሽ ደብተር መያዝ ነው። ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ዘይቱ መቼ ተቀየረ፣ ምን ያህል ተጨመረ፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፤ ይህን በአማርኛም ቢሆን መጻፍ ነው። ከወራት በኋላ የትኛው ምክር እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ የሚናገረው ያ ደብተር ነው። ወሬ ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ይቀራል።

በቤት ለምትቀሩት ወላጆችና ባለቤቶችም አንድ ቃል አለን። ወደ ባሕር የሚወጣው ሰው የት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ነግሯችሁ ይውጣ። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን መልበሱን ጠይቁት። በጀልባው ሬዲዮ የጭንቅ ጥሪ የሚደረገው በ16ኛው መስመር ነው። ከየብስ ለፖሊስ 100፣ ለአምቡላንስ 101፣ ለእሳት አደጋ 102 ይደወላል። እነዚህን ቁጥሮች በስልኩ አጠገብ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ከላይ የጠቀስናቸው ምክሮች ወደ እናንተም ጆሮ ደርሰው ይሆናል። ነገ አንድ ሰው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» ቢላችሁ አትቆጡት፣ አትሳቁበትም። «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ይጠይቅ ይሆናል።

ወደ ባሕር የወጣውን ሁሉ በሰላም ይመልስልን። ደህና ሁኑ።